የጨለቆት ሎሚ

ባለፈው ሳምንት መቐለ ውስጥ ከሮማናት ወደ ዓይደር በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጭኗ ላይ ስስ ፌስታል ይዛ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ፌስታሉ ተቀደደና ሎሚ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አንዱ እግሬ ሥር ገብቶ ተጨፈለቀ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ «ወራጅ አለ» አልኩ። ገና መንገዱን አላጋመስንም ነበር። ሴትዮዋ ሎሚዋን ስለረገጥኩ የደነገጥኩ መስሏት «ጸገም የለን» አለችኝ፤ ችግር የለም ማለቷ ነው። ከፍዬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ሎሚ ቤቴ አይገባም። ሰው ቤት ሰላጣ ላይ ጨምቀው ሲያቀርቡልኝ ጨጓራዬን ያመኛል ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለማስረዳት አንድ ክረምት ሙሉ መተረክ አለብኝ፤ ይህን ደግሞ ምሳ ለጋበዘ ሰው አያወሩትም። ከዚያ ክረምት ወዲህ በዚህ ከተማ ላይ የመጣውን መዓት ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ገና በሰላሙ ቀን፣ የሐዘን ድርሻዬን ጨርሼ ነበር።

ሦስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ከወልድያ ወደ መቐለ መጣን። አባዬ የመቐለ ልጅ ነው። የጭነት መኪና እየነዳ ወልድያ ሲመላለስ እማዬን አገኘና እዚያው ቀረ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። አባዬ ትግርኛ የሚናገረው ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲያወራ ብቻ ነው፤ ያኔም ድምፁ መቐለ ድረስ በራሱ ጉልበት መድረስ ያለበት ይመስል ይጮኻል። እማዬ «ደግሞ ጀመረው» ትልና ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። እሷ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አንዳችንም አናውቅም። ወይም አናውቅም ብዬ አምን ነበር።

እማዬ ያን ዓመት ከፋሲካ ጀምሮ ሆዷን ታመመች። የወልድያ ሐኪሞች ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲልኳት አባዬ ወገን ያለበት ይሻላል ብሎ መቐለ ወዳለው ዓይደር ሆስፒታል አመጣት። በአውቶቡስ ስንመጣ ከአላማጣ በላይ ያለውን የግራካሱን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ አጥወለወላት። አንዲት ነጋዴ ከዘንቢሏ ሎሚ አውጥታ በጥርሷ ቦጨቀችና «አሽትቺው» ብላ ሰጠቻት። እማዬ ሎሚውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ እስከ ማይጨው ዓይኗን ጨፍና መጣች። ማይጨው ስንደርስ ዓይኗን ገለጠችና «ይቺ ሎሚ ባትኖር ሞቼ ነበር» አለችኝ። ሰው እንዲህ የሚለው ለወግ ነው። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ቃል በቃል ያዝኩት።

እማዬ ሆስፒታል ስትገባ እኔ የአባዬ ወንድም ቤት ተቀመጥኩ። አባዬ «ሓወቦይ በዪው» ብሎ ስላስተዋወቀኝ ስሙ ሓወቦይ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ያለች አንዲት ልጅ የራሷን አጎት «ሓወቦይ» ብላ ስትጠራ ሰምቼ፣ የኔን ሰውዬ ስም ሰርቃ ለሷ ሰውዬ ሰጠች ብዬ ፀጉሯን ጎተትኩ። አጎቴ እኛን እየገላገለ ሳቁ አላስቆም አለው። ሓወቦ የአባት ወንድም ማለት እንደሆነ፣ የሱ ስም ኪሮስ እንደሆነ ያን ቀን አስረዳኝ። እኔ ግን የለመደው አፌ ሓወቦይ እንዳለ ቀረ።

ሓወቦይ ቱሪስት የሚያዞር ሹፌር ነበር። በክረምት ቱሪስት ስለማይኖር አሮጌው ላንድክሩዘር ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሚስት አላገባም፤ ልጅ እንዴት እንደሚያዝም አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ጭኖ አገር ማሳየት ነው፤ ስለዚህ እኔንም እንደ ፈረንጅ ያዘኝ። ሰፊ ባርኔጣ ገዛልኝ። ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ «የዛሬ ፕሮግራም» ይልና፣ የምንሄድበትን ቦታ ታሪክ ጭምር ይነግረኛል። ከእኔ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነው፤ ሐውን ከጉሮሮው፣ ዐውን ከሆዱ የሚያወጣ የሚመስል አማርኛ። አልፎ አልፎ ሲቸኩል ትግርኛው ያመልጠዋል፤ እኔም ያመለጠውን ቃል እለቅማለሁ።

ፕሮግራም የሚኖረን አባዬ ሲደውል ነው። ስልኩ ከጮኸ ሓወቦይ አውርቶ ሲጨርስ ቁልፉን ያነሣል። ስለዚህ የስልኩን ድምፅ መውደድ ጀመርኩ። ጠዋት ስነሣ «አባዬ አልደወለም?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካልደወለ አኮርፋለሁ። አባዬ የሚደውለው እማዬ ሲብስባት፣ እኔ ሆስፒታሉ ግቢ መጥቼ ድምፅዋን እንዳልሰማ እንደነበር ማን ነግሮኝ? እናቴ በተሠቃየች ቁጥር እኔ ሽርሽር ሄድኩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አጨበጨብኩ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ሮማናት ፏፏቴ ነው። ሮማናት ሲለኝ መሃል ከተማ ወዳለው ሮማናት አደባባይ የምንሄድ መስሎኝ፣ ካፌዎቹንና ታክሲዎቹን እያየሁ ውኃው ከየት በኩል እንደሚወርድ ስፈልግ ከተማውን ለቀን ወጣን። ሓወቦይ ይህን ስነግረው መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ፏፏቴው ጋ ለመውረድ ቀበቶውን ፈትቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝና ጫፉን እሱ ይዞ በአዳላጩ ድንጋይ ላይ ቀስ በቀስ ወረድን። ውኃው ክረምት ስለሆነ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል፤ ፊታችንን እያረጠበው ቆመን ቀረን። ሲርበን ሓወቦይ የምሳውን ዕቃ ፈልጎ ፈልጎ አጣው፤ ቤት ረስቶታል። የውኃውን ፕላስቲክ ከፍ አድርጎ «ማይ ጥራሕ» አለኝ፤ ውኃ ብቻ። ጥራሕ ብቻ ማለት መሆኑን እንዲህ ተማርኩ። መንገድ ላይ በለስ ገዛልኝና ከንፈሬ በእሾህ ተወግቶ ስንመለስ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል «በለስ ጥራሕ፣ በለስ ጥራሕ» እያልኩ እዘፍን ነበር።

ማታ ላይ እማዬ ሲሻላት ሓወቦይ ሆስፒታሉ ግቢ ይወስደኛል። ልጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እናም ከታች ቆመን የእማዬን መስኮት እናያለን። አባዬ ደግፎ ያመጣታል። የነጠላዋን ጫፍ ታወዛውዝልኛለች፤ እኔም ያመጣሁትን ነገር ከፍ አድርጌ አሳያታለሁ፤ ከፏፏቴው ሥር የለቀምኩትን ድንጋይ፣ የወፍ ላባ፣ ምን የማላመጣው አለ። አባዬ ወርዶ ይወስድላትና ከእሷ ቃል ይዞ ይመለሳል። «ድንጋዩን ትራሷ ሥር አደረገችው» ይለኛል። አንድ ቀን «ጥዑይ ዲኺ እማዬ» ብዬ ከታች ጮህኩላት፤ ደኅና ነሽ ወይ ለማለት ነው። አባዬ እየሳቀ ተመለሰና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች በልልኝ ብላሃለች እናትሽ» አለኝ፤ ለእኔ ሲነግረኝ ራሱ እንኳ አንተና አንቺ ተምታታበት። በጣም ደክሞት ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ ሩቅ ነበር። በአጉላዕ በኩል አልፈን፣ ተራራው የሚያልቅበት ጠርዝ ድረስ ሄድን። መቐለ ላይ ሹራብ ለብሼ ተነሥቼ እዚያ ስደርስ ከታች የሚመጣው ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን አጋየው። ሓወቦይ «ከዚህ በታች በረሓ ነው፣ ዓፋር። ጨው ነው ሁሉ» አለኝ። ታች የሚታየው ነገር አልነበረም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ግመሎቹን አሳየኝ ስለው፣ በክረምት ሙቀቱ ለግመልም ስለሚከብድ አይወርዱም አለኝ። ጠርዙ ላይ በሆዳችን ተኝተን ቁልቁል አየን። ድንጋይ ወረወርኩና መውደቁን ለመስማት ብጠብቅ ምንም አልሰማሁም። እዚያ ስልኩ ጮኸ። ሓወቦይ አውርቶ ሲጨርስ «ጎማውን ልየው» ብሎ ከመኪናው በስተኋላ ሄደ። ሲቆይብኝ ተከትዬው ሄድኩ። ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ነፋሱ ነው፣ ዓይኔ ውስጥ ጨው አስገባብኝ» አለኝ። አመንኩት። ለሱ ስል ባርኔጣዬን አውልቄ በነፋሱ በኩል ያዝኩለት።

ያን ቀን አጉላዕ ላይ የጨው ስባሪ ገዝቶልኝ ለእማዬ ይዤላት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አልመጣችም። አባዬ ብቻ ወረደ። ጨውን ሰጥቶ ሲመለስ «ቀመሰችው፤ ግን አፌ መሯል፣ ጨውም መሮኛል ብላለች» አለኝ። አፏ መምረሩ አስጨነቀኝ። ከዚያ ወዲያ የማስበው አፏን የሚያጣፍጥ ነገር ሆነ።

ሦስተኛው ጉዞ ጨለቆት ነው። በዓይናለም በኩል እንሄዳለን ሲለኝ «ዓይናለም ማን ናት?» አልኩት፤ እሱም «ለከተማው ሁሉ ውኃ የምታጠጣ ሴትዮ ናት» ብሎ አሾፈብኝ። ሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ ያለበት ስለሆነ ነው። ጨለቆት ሥላሴ ከደረቁ ኮረብታ ሥር በትልልቅ ዛፎች ተከቦ ስናገኘው ሓወቦይ ባርኔጣውን አወለቀ። እሱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክኮ ሲቆይብኝ እኔ በአጥሩ ዙሪያ ስዞር ከአንድ የአትክልት ቦታ የማውቀው ሽታ መጣ። ሎሚ ነው። ቅጠሉ ራሱ ይሸታል። የግራካሱ መንገድ ትዝ አለኝ። ልቆርጥ እጄን ስዘረጋ ሓወቦይ ጠራኝና ሳልይዝ ተመለስኩ። በዚያን ቀን ምንም ሳልይዝ በመሄዴ እስከ ሳምንቱ ከነከነኝ።

ቀጥሎ ያለው እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እኔ የሓወቦይ ክንድ ሥር ቆሜ ቁርሴን እበላ ነበር። አባዬ እንደልማዱ ስለሚጮህ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ሎሚ ጥራሕ ኢሎሙኒ፣ ኪሮስ» አለ። «ሎሚ ጥራሕ።»

ሓወቦይ «ሎሚ?» አለ።

«ሎሚ።»

ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልሰማሁም። የሚበቃኝን ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ትግርኛ ውስጥ ሁለቱንም ቃል የማውቀው አንድ ዐረፍተ ነገር መጣልኝ። ሎሚ ብቻ። ሐኪሞቹ የሚያድናት ሎሚ ብቻ ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ ይህን ከአውቶቡሱ ጀምሮ አውቀው ነበር። የት እንዳለም አውቃለሁ። የልብሴን ቁልፍ እንኳ ሳልቆልፍ መኪናው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ሓወቦይ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ሓወቦይ፣ ጨለቆት» አልኩት። «ሎሚ። ለእማዬ።»

ቆመ። «ምን አልሽ ጓለይ?» አለኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

በተማርኩት ቋንቋ ላኮራው ብዬ፣ «ሎሚ ጥራሕ» አልኩት።

መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። መዳፉ ቤንዚን ይሸታል። «ሰሚዕኪ ዲኺ?» አለኝ፤ ሰምተሻል ወይ። ሰምቻለሁ አልኩት። «ገብቶሻል?» ገብቶኛል አልኩት። ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞኝ እያለቀሰ «ኣጆኺ፣ ኣጆኺ ጓለይ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለት ነው። ለሎሚ ይህን ያህል ማልቀስ ምን አመጣው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ «ሥላሴ ጋ እንሂድ ነው የምትዪው። እሺ። እስከ ቀትር እንመለሳለን» አለና ቁልፉን አነሣ። እኔ ሥላሴን አላነሣሁም፤ ግን የሎሚው ቦታ እዚያው ስለሆነ ዝም አልኩ።

ጨለቆት ስንደርስ ቅዳሴው አላለቀም። ሓወቦይ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። እኔ ወደ አትክልቱ ሮጥኩ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ቃሪያ ይኮተኩታሉ። ዛፉን እያሳየሁ «ሎሚ» አልኳቸው።

ቀና ብለው «ሎሚ? ሎሚ ሰንበት እዩ ጓለይ» አሉኝ።

ሰንበትን አውቃታለሁ። ሎሚው የሰንበት ነው፣ አይነካም የሚሉ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። «ለእናቴ ነው፤ እናቴ ታማለች፤ ሆስፒታል ናት» አልኩ በአማርኛ። ከዚህ ሁሉ የገባቸው ሆስፒታል የሚለው መሆን አለበት። «ወይለይ» ብለው ተነሡና ወደ ዛፉ ሄደው «ለሚን ዶ ደሊኺ?» አሉኝ። ለሚን የሚሉት ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ስበው መልቀም ሲጀምሩ ቀሚሴን ዘረጋሁ። ከቢጫው፣ ከአረንጓዴው፣ እስኪከብደኝ ሞሉልኝ። ጭንቅላቴን ሳሙኝና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ስለእናቴ አማተቡ። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። እናቴን አድኛለሁ።

ሓወቦይ ሲወጣ ቀሚሴ ውስጥ ያለውን አላየም፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ቶሎ ለመድረስ ብሎ በአቋራጩ፣ በደረቁ ወንዝ በኩል ያለውን የጭቃ መንገድ ያዘ። እኛ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከላይ ተራራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ዝናብ ሳይኖር አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ስንደርስ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ወደኋላ ብንዞር ያለፍነው ጅረትም ሞልቷል። መሃል ቀረን።

ሓወቦይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ዳር ለዳር ሮጠ። ኔትወርክ የለም። ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና ድንጋይ መትቶት ወጣ። ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ሆነች፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ አለፈች። በመጨረሻ ዳሩ ላይ ቆሞ፣ ለወንዙ የሚናገር ይመስል፣ «ሎሚ ጥራሕ፣ ጎይታይ፣ ሎሚ ጥራሕ» እያለ፣ ጌታውን እየተጣራ፣ ማልቀስ ጀመረ።

አዘንኩለት። ሄድኩና እጁን ነካሁት። «ሓወቦይ፣ አትፍራ። ይዤዋለሁ» አልኩት። ቀሚሴን ከፈት አድርጌ አሳየሁት።

ሎሚዎቹን አየ። እኔን አየ። መልሶ ሎሚዎቹን አየ።

«ጠዋት ያልሽኝ ሎሚ ይሄ ነው?» አለኝ።

«አዎ። አባዬ ያለህ።»

ሓወቦይ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አንዱን ሎሚ አንሥቶ በእጁ ሲያገላብጥ «ለሚን» ብሎ በቀስታ ሲናገር ሰማሁት። ያኔ አልነገረኝም፤ እንዴትስ ብሎ ይነግረኛል። በትግርኛ ፍሬው ለሚን ነው የሚባለው። ሎሚ ማለት ዛሬ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ለአባዬ የነገሩት ያለችው ዛሬን ብቻ እንደሆነ ነው። አባዬም ለወንድሙ ከቀትር በኋላ ልጅቱን አምጣት፣ እናትየዋ ትሰናበታት ብሎ ነበር። ሓወቦይ ደግሞ እኔ ሁሉን ሰምቼ፣ ሁሉም ገብቶኝ፣ ዛሬውኑ ለእናቴ ሥላሴን ልለምን ያልኩ መስሎት ነው የወሰደኝ። እንደዚያ የለመነችውን ልጅ ማን እንቢ ይላታል?

ውኃው ሲጎድል ተሻገርን። ዓይደር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አባዬ ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እማዬ የምትቆምበትን መስኮት ቀና ብዬ ብፈልግ ተዘግቷል። ሓወቦይ ከመኪናው ሳይወርድ አባዬ «ዓሪፋ» አለው። ይቺን ቃል የሚተረጉምልኝ አልፈለግኩም፤ በአማርኛም ያው ነች፣ ዐረፈች። ወልድያ ሰው ሲሞት ስትነገር ሰምቻታለሁ። ቢሆንም ሮጬ ሄጄ ሎሚውን ዘረጋሁለት። አባዬ ቀሚሴ ውስጥ ያለውን ሲያይ ከአፉ የወጣው ድምፅ ለቅሶ አልነበረም። ሰው እንደዚያ ሲጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ እንኳ ስንት ጩኸት ሰምቻለሁ።

ሎሚዎቹ መንገድ ላይ ተበተኑ፤ ጥቂቱን ሓወቦይ ለቅሞ ቤት ወሰደ። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ እኛ ሦስታችን ብቻ ስንቀር መስኮቱ ላይ ደርቀው ቡናማ ሆነው ነበር። ሓወቦይ አንድም ቀን ፕሮግራም አለን አላለኝም። ላንድክሩዘሩ ላይ አቧራ ተቀመጠበት። ስልክ ሲጮህ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ።

አንድ ከሰዓት አባዬ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከደረቁት ሎሚዎች አንዱን አንሥቶ ሲያሸት ቆየ።

«ያን ቀን ለኪሮስ የደወልኩት አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነው» አለኝ። «የተኛች መስሎኛል። ብትነቃም እንዳይገባት ብዬ በትግርኛ አወራሁ። ስልኩን ስዘጋው ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ‹ሎሚ ነው ያሉት?› አለችኝ።»

እጁ ላይ ያለውን ሎሚ አየሁ።

«አዎ አልኳት። ‹ታዲያ ሎሚ ይህን ያህል ያስለቅሳል? ሎሚማ ቀላል ነው፣ አስመጣልኝ› አለች። ፈገግ አለች ደግሞ።» አባዬ ሎሚውን መልሶ አስቀመጠው። «ዐሥር ዓመት ከእኔ ጋር ኖራለች። ሎሚ ምን ማለት እንደሆነ እውነት ጠፍቷት ነው ወይስ ለእኔ ብላ ነው፣ አላውቅም። ምን ብዬ ልጠይቃት?»

እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንደኔው ተሳስታ፣ ተስፋ አድርጋ እንደሄደች አምናለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁሉን አውቃ፣ አባዬ ዋሽቶ እንዲያርፍ ስትል እንደቀለደችለት አምናለሁ። ሁለቱም ያው ይጎዱኛል። አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ስልክ ወጥቶ በሁለቱ ጫፍ የሁለት የወልድያ ሰዎች ጆሮ ውስጥ ፍሬ ሆኖ ገባ፤ ከእኛ በቀር ማንም እንደዚያ ሊሰማው አይችልም ነበር።

«ከዚያ በኋላ በየመሃሉ ትነቃለች» አለ አባዬ። «‹ሎሚው መጣ?› ትለኛለች። ከቀትር በኋላም ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ ድምፅ እንኳ አልነበራትም፤ በከንፈሯ ነው የጠየቀችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«መንገድ ላይ ነው አልኳት» አለኝ። «በጠየቀችኝ ቁጥር፣ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው አልኳት። ስዋሻት መስሎኝ።»